«ሲንክ» እና «ባክአፕ» ምንና ምን ናቸው?



በ2025 የታክስ ወራት ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ አንድ ደንበኛዬ ከቢሮዬ መጡና ወንበር ስስብላቸው እንኳ ሳይቀመጡ ቆመው ቀሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእጃቸው የያዙት ከአይ.አር.ኤስ. የተላከላቸውን ደብዳቤ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የጠየቀው በ2023 የመኪና ወጪ ብለው ያስቀነሱትን ገንዘብ በማስረጃ እንዲያስደግፉ ነው። በዚያ ዓመት ለሥራ የነዱት 30,000 ማይል ሲሆን፣ የዓመቱ ተመን በማይል 65.5 ሳንቲም ስለነበር ተቀናሹ 19,650 ዶላር ይመጣል። እኔም አልደነገጥኩም። እኒህ ሰው ከደንበኞቼ ሁሉ ጠንቃቃው ናቸው። ማታ ደክሟቸው ሲገቡ እንኳ የቀኑን ማይል ሳይመዘግቡ አይተኙም፤ የዘይት፣ የጎማና የኢንሹራንስ ደረሰኛቸውን በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ያስቀምጣሉ።

«ችግር የለም ጋሼ፤ መዝገቡን ያምጡልኝና እንልክላቸዋለን» አልኳቸው።

«የለም ልጄ» አሉኝ። «ክላውድ ላይ ነበር። አሁን ግን የለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእርሳቸው ስልክና የቤቱ ኮምፒዩተር በአንድ አካውንት የተያያዙ ነበሩ። በስልክ የተነሳው ደረሰኝ ወዲያው ኮምፒዩተሩ ላይ ይታያል። ትንሹ ልጃቸው ኮምፒዩተሩ ሞልቶ አዲስ ጨዋታ አልቀበል ሲለው፣ «ይህ እኮ የአባባ ስልክ ላይ አለ» ብሎ የ2023ን ፎልደር ከኮምፒዩተሩ ላይ አጠፋው። የማጥፋቱ ትእዛዝ ወደ ክላውዱ ወጣ፤ ከክላውዱም ወደ አባትየው ስልክ ወረደ። ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ማንም ከፍቶ የሚያይበት ምክንያት ስላልነበረ ሦስት ወር ሙሉ ማንም ልብ አላለም። አገልግሎቱ የጠፋ ፋይል በቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ የሚያቆየው ለ30 ቀን ብቻ ነበርና፣ ደብዳቤው ሲመጣ ቅርጫቱም ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ልጁን የሚቆጣ ካለ ይተወው። እንዲያ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ከእናንተም ውስጥ «ፋይሌ እኮ በስልኬም በላፕቶፔም አለ፤ ሁለት ቅጂ አለኝ» የምትሉኝ ጥቂት አይደላችሁም። የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

መስተዋትና ካርቦን

ዲግሪዬን ለመማር ወደ ሕንድ ከመሄዴ በፊት መርካቶ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደረሰኝ የምንቆርጠው በሦስት ቅጂ ነበር። በመካከሉ ካርቦን ገብቶ የመጀመሪያው ለገዢው፣ ሁለተኛው ለሂሳብ ክፍል ይሄዳል፤ ሦስተኛው ከጥራዙ ላይ ሳይነቀል ይቀራል። ገዢው የራሱን ቢቀድደው፣ ቢያጥበው፣ ቢጥለው ጥራዙ ላይ ያለው አይነካም። ስህተት የተጻፈ ደረሰኝ እንኳ «ዋጋ የሌለው» ተብሎ ይሰረዛል እንጂ ከጥራዙ አይገነጠልም። በፈረንጅኛው «ባክአፕ» የሚባለው ይህ በጥራዙ ላይ የሚቀረው ሦስተኛው ቅጂ ነው።

«ሲንክ» ግን መስተዋት ነው። ከፊቱ ያለውን ያሳያል። ኮፍያ ቢያደርጉ መስተዋቱም ኮፍያ ያደርጋል፤ ከፊቱ ዞር ካሉ ግን ባዶ ነው። ድሮፕቦክስ ከ2008፣ አይክላውድ ከ2011፣ ጉግል ድራይቭ ከ2012 ጀምሮ ለሕዝብ የሚሰጡት አገልግሎት፣ እንዲሁም በ2014 ስሙን የቀየረው የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ፣ በመሠረቱ የተሠሩት ለዚህ ነው፤ በሁሉም ዕቃዎ ላይ አንድ ዓይነት ፋይል እንዲታይዎት። አዲስ ነገር ሲጨምሩ በሁሉም ይጨመራል፣ ሲያርሙ በሁሉም ይታረማል፣ ሲያጠፉም በሁሉም ይጠፋል። ይህ የአገልግሎቱ ጉድለት አይደለም፤ የተገዛበት ሥራው ነው።

ሲንክን እያጣጣልኩ እንዳይመስላችሁ። ስልክዎ ከታክሲው ወንበር ሥር ወድቆ ቢቀር ወይም ሱቅዎ ተሰብሮ ላፕቶፑ ቢሰረቅ፣ አዲስ ገዝተው አካውንትዎን ሲከፍቱ ፋይልዎ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። ዕቃ ሲጠፋ ሲንክ በቂ ነው። ችግሩ ፋይሉ ራሱ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ነው፤ ያን ጊዜ ጥፋቱንም ታማኝ ሆኖ ያደርስልዎታል።

እርግጥ እነዚህ አገልግሎቶች የጠፋውን ወዲያው አይጥሉትም። ጉግል ድራይቭ የተጣለውን ፋይል 30 ቀን ያቆያል። አይክላውድም፣ ለግል የሚሰጠው ዋንድራይቭም፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ድሮፕቦክስም እንዲሁ 30 ቀን ነው። ክፍያ ለሚፈጽም የሚረዝምበት አለ። በ30 ቀን ውስጥ ከነቁ ምንም አይደለም። እኛ ግን የምናስቀምጠው የዕለት ተዕለት ደብዳቤ ሳይሆን የዓመት ሂሳብ ነው። የታክስ ደረሰኝ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ የሚፈለገው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው።

መንግሥት የሚቆጥረው በዓመት ነው

ሕጉ ሰነድ ያዙ የሚለው ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ስለምትጠይቁኝ እዚህ ላይ ልጻፈው። ታክስ ካሠሩበት ቀን ጀምሮ ባጠቃላይ ሦስት ዓመት ነው። በፎርሙ ላይ ካሳዩት ጠቅላላ ገቢ ከ25 በመቶ በላይ የሚሆን ሳያሳውቁ ከቀሩ አይ.አር.ኤስ. እስከ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ጭራሽ ፎርም ያላስገባ ወይም ያጭበረበረ ሰው ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ሠራተኛ የቀጠረ ሱቅ የደመወዝ ታክስ ሰነዱን ቢያንስ አራት ዓመት መያዝ አለበት። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሲቀጠር የሚሞላው አይ-9 የተባለው ፎርም ሠራተኛው ከተቀጠረ ሦስት ዓመት፣ ወይም ሥራ ከለቀቀ አንድ ዓመት እስኪሆነው፣ ከሁለቱ ረዘም እስካለው ጊዜ ድረስ መቀመጥ ይኖርበታል። ለመኪናና ለሕንጻ ደግሞ ንብረቱን እስኪሸጡት፣ ከሸጡትም በኋላ የዚያ ዓመት የምርመራ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የግዢ ወረቀቱ አይጣልም።

እንግዲህ 30 ቀንን ከሦስት ዓመት ጋር ያስተያዩት።

«ታዲያ ወረቀቱን በካርቶን ባስቀምጠውስ?» የሚለኝ አለ። ያስቀምጡት፣ አልከለክልም። ነገር ግን የነዳጅ ማደያው፣ የሱፐርማርኬቱና የዱቄት አከፋፋዩ ደረሰኝ አብዛኛው የሚታተመው በሙቀት በሚጽፍ ወረቀት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት በሙቀት ተጽፎ በሙቀት ይጠፋል። በሐምሌ ፀሐይ ከታክሲው መስተዋት ሥር ተቀምጦ የከረመ ደረሰኝ በመጋቢት ወደ እኔ ሲመጣ ነጭ ወረቀት ሆኖ ነው፤ «ይኸ የነዳጅ ነበር» እያላችሁ ስታሳዩኝ እኔም አምናችኋለሁ፣ መርማሪው ግን አያምንም። ፎቶ የማንሳቱ ልማድ ስለዚህ ጥሩ ነው። አይ.አር.ኤስ.ም በ1997 ባወጣው መመሪያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተቀመጠ ሰነድ ተቀባይነት እንዳለው አስታውቋል፤ የሚነበብ፣ የተሟላና ሲጠየቁ ሊያቀርቡት የሚችሉት መሆን አለበት። አይ-9ንም በኤሌክትሮኒክ ማስቀመጥ ይፈቀዳል።

ሁሉም ሰነድ እኩል አያሳስብም። የታክስ ፎርምዎ ቢጠፋ የፎርሙን ዝርዝር ከአይ.አር.ኤስ. ራሱ በነጻ ማግኘት ይቻላል፤ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት በኢንተርኔት አካውንትዎ ያገኛሉ። የዱቤ ካርድ መግለጫም ባንኩ አለው። ማንም ሊመልስልዎ የማይችለው እርስዎ በእጅዎ የሠሩትን ነው፤ የት፣ መቼ፣ ስንት ማይል፣ ለምን ጉዳይ እንደነዱ የሚናገረውን መዝገብ፣ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ደረሰኝ፣ ለጊዜያዊ ሠራተኛ የከፈሉበትን ፊርማ። መጠንቀቅ ያለብን ለእነዚህ ነው።

በኢሚግሬሽን በኩልም ያው ነው። ለዜግነት ኤን-400 ሲሞሉ ባለፉት አምስት ዓመታት ከአገር ውጭ ከ24 ሰዓት በላይ የቆዩበትን ጉዞ ሁሉ፣ የወጡበትንና የተመለሱበትን ቀን ጭምር ይጠየቃሉ። ፓስፖርትዎን ቀይረው አሮጌው የት እንደገባ ካላወቁ፣ የአዲስ አበባ መግቢያና መውጫ ማኅተሞች ፎቶ ብቻ ነው የሚያወጣዎት። እናትዎን ለማምጣት በአይ-864 ዋስ ሲሆኑ የመጨረሻው ዓመት ታክስዎ ይፈለጋል፤ የራሱ ሥራ ያለው ሰው ደግሞ ገቢው ጥያቄ ከተነሳበት ተጨማሪ ማስረጃ መያዙ አይከፋም። የጋብቻ ወረቀት፣ በስንት ደጅ ጥናት ከቀበሌና ከወረዳ የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ልጅ እየተጫወተበት ነው።

ባክአፕ የሚባለው እንዴት ይሠራል?

ካርቦናይት (በ2005 የተመሠረተው)፣ ባክብሌዝ (በ2007 የተመሠረተው)፣ አይድራይቭና ሌሎችም ይህን አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች ናቸው። ከማናቸውም ጋር ዝምድና የለኝም። ፕሮግራሙን ኮምፒዩተርዎ ላይ ካስገቡት በኋላ ከበስተጀርባ ዝም ብሎ ይሠራል፤ አዲስና የተለወጠ ፋይል ባገኘ ቁጥር አንዱን ቅጂ ቆልፎ ወደ ኩባንያው መጋዘን ይልካል። መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እርስዎ ካልጠየቁ በቀር ከዚያ ወደ ኮምፒዩተርዎ የሚመጣ ነገር የለም። ትናንት የተስተካከለ ፋይል ዛሬ ቢበላሽ የትናንቱን፣ የባለፈውን ሳምንት፣ ያለፈውን ወር መልኩን መጠየቅ ይችላሉ።

ሲገዙ ግን መጠየቅ ያለብዎት ነገር አለ። የመጀመሪያው «ከኮምፒዩተሬ ላይ የጠፋን ፋይል እናንተ ዘንድ ስንት ጊዜ ታቆዩታላችሁ?» የሚለው ነው። ባክአፕም ቢሆን ሁሉም ለዘላለም አያቆይም። የ30 ቀን የሆነ አለ፣ የዓመት አለ፣ እስከፈለጉ ድረስ የሚያቆይም አለ። 30 ቀን የሚል ከሆነ ከላይ ከተናገርኩት መስተዋት እምብዛም አይሻልም። ቢያንስ ዓመት ያለውን ይያዙ።

ሁለተኛው የኢንተርኔትዎ ፍጥነት ነው። ኩባንያዎች በማስታወቂያ የሚነግሩን የማውረጃውን ፍጥነት ሲሆን፣ የመላኪያው ብዙ ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ለምሳሌ የመላኪያ ፍጥነትዎ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ቢሆንና 200 ጊጋባይት ፎቶና ፋይል ቢኖርዎት፣ ያለማቋረጥ ቢላክ ወደ 44 ሰዓት ይፈጃል። ኮምፒዩተሩን ማታ ማታ የሚያጠፋ ሱቅ ደግሞ ሳምንት ያልፈዋል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ይታገሱት፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሚልከው አዲሱን ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ ቁልፉን እርስዎ ብቻ የሚይዙበት ምርጫ ነው። የግል ቁልፍ ካወጡ ኩባንያው እንኳ ፋይልዎን ማንበብ አይችልም። ይህ መልካም ነው፤ ግን ቁልፉን ከረሱት ማንም አይከፍትልዎትም፤ ቢያለቅሱም፣ ቢደውሉም። ወረቀት ላይ ጽፈው ከፓስፖርትዎ ጋር ማስቀመጥ ካልቻሉ ይህን ምርጫ ይለፉት።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገርም ልጨምር። ሲንክ አገልግሎቶች የኮምፒዩተሩን ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ የፋይሉን ስም ብቻ እያሳዩ ፋይሉን ራሱን ክላውድ ላይ የሚተዉበት ስልት አላቸው። እንዲህ ያለውን ፋይል የባክአፑ ፕሮግራም አያገኘውም፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የለማ! አንዳንዱ የባክአፕ ፕሮግራምም የሲንክ ፎልደሮችን ከነጭራሹ ይዘላል። ስለዚህ «ሁለቱንም ገዝቻለሁ» ብለው ከመተኛትዎ በፊት የ2023 ፎልደርዎ በባክአፑ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ።

ቆላፊ ሌቦች

ሌላው የባክአፕ ምክንያት «ራንሰምዌር» የሚባለው ነው። በኢሜይል የመጣ ደረሰኝ መስሎ ይከፈትና በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ፋይል ሁሉ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል። በ2013 ክሪፕቶሎከር የተባለው ብዙ የቤትና የትንንሽ ንግድ ኮምፒዩተሮችን ቆልፏል። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው በጥቂት ቀናት ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ሲሰራጭ የእንግሊዝን የመንግሥት ሆስፒታሎች እንኳ ሥራ አስፈትቷል። ሲንክ የተቆለፈውን ፋይል «አዲስ የተስተካከለ ነው» ብሎ ወደ ክላውዱ ያወጣዋል። አሁን አንዳንዶቹ ወደ ኋላ የመመለሻ መንገድ አበጅተዋል፤ እሱም በጊዜ የተገደበ ነው። ሁልጊዜ ከኮምፒዩተሩ ጋር እንደተሰካ የሚኖር ሃርድ ዲስክም አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ ዲስክ ከያዙ ገልብጠው ይንቀሉት።

ታዲያ የትኛውን ልያዝ?

ሥራው ሁሉ በስልኩ የሆነ ታክሲ ነጂ የባክአፕ ኩባንያ የግድ አያስፈልገውም፤ አብዛኞቹ የተሠሩት ለኮምፒዩተር ነው። ሲንኩን ይያዝ። ነጻው ቦታ በጉግል 15 ጊጋባይት፣ በአይክላውድና በዋንድራይቭ 5፣ በድሮፕቦክስ 2 ነው፤ ለደረሰኝ ለጊዜው ይበቃል። የልጆች ቪዲዮ ግን ቶሎ ይሞላውና አዲሱ ደረሰኝ መውጣቱን ያቆማል። ከዚያም በየሦስት ወሩ፣ የግምት ታክስ ሲከፍል፣ የዚያን ሩብ ዓመት ደረሰኝና የማይል መዝገብ በአንድ ትንሽ ዲስክ ላይ ይገልብጥ። አይፎን ላይ «ባክአፕ» የሚል ቃል ስላለ የሚዘናጋ አለ። ፎቶዎችዎ በአይክላውድ ፎቶ በኩል የሚሄዱ ከሆነ በዚያ ባክአፕ ውስጥ አይገቡም፤ ከስልኩ ያጠፉት ፎቶ ከሁሉም ቦታ ይጠፋል።

ኮምፒዩተር ላይ ሂሳብ የሚይዝ ባለ ሱቅ ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ባክአፕን እመርጥለታለሁ። ኩዊክቡክስን በመሰለ ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ የተከፈተውን የሂሳብ ፋይል ሲንክ ፎልደር ውስጥ አያስቀምጠው። እየተጻፈበት ሳለ ሲንኩ ሊገለብጠው ሲሻማ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ፕሮግራሙ ራሱ የሚሠራውን መጠባበቂያ ቅጂ በየሳምንቱ ያውጣና እሱን ያስቀምጥ። የሽያጭ ማሽኑ ላይ ያለው ሪፖርትም የሚኖረው ማሽኑን ያከራየው ኩባንያ ዘንድ ነው። ኩባንያ ሲቀይሩ የሦስት ዓመት ሽያጭ አብሮ ሊቀር ስለሚችል፣ ወር በመጣ ቁጥር አውርደው ይያዙ፤ የሽያጭ ታክስ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ለሂሳብ ሠራተኛዎ ፎልደር ሲያጋሩም ማየት ብቻ እንዲችል አድርገው ያጋሩ። እኔም ሰው ነኝ፤ በመጋቢት ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የእርስዎን ፎልደር ከሌላ ሰው ፎልደር ጋር ላምታታ እችላለሁ።

«ትልልቅ ኩባንያዎች ከያዙት ምን ይሆናል?» ለሚሉ፣ በመጋቢት 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የነበረ የኦቪኤች ኩባንያ የኮምፒዩተር ማዕከል ተቃጥሎ ብዙ ደንበኞች ፋይላቸውን እስከ ወዲያኛው አጥተዋል፤ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረባቸውም ነበሩ። በመስከረም 2025 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ የመንግሥት ማዕከል ላይ በደረሰ ቃጠሎ የመንግሥት ሠራተኞች ፋይል የሚያስቀምጡበት ጂ-ድራይቭ የተባለው ክላውድ ከነ 858 ቴራባይት ሰነዱ ጠፍቷል። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው አንድ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከሌሎቹ በራቀ ቦታ። ለእኛ ሲሆን ይህ ማለት ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ፣ ዲስክ ላይ አንድ፣ ክላውድ ላይ አንድ ነው። የሱቁን ዲስክ ቤትዎ፣ የቤቱን ዲስክ ሱቅዎ ያስቀምጡ።

ባክአፕ ገዝቶ አለመሞከርም አለ። በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠራ አንድ ሰው በስህተት የሰጠው ትእዛዝ ፊልሙን ማጥፋት ጀመረ። ባክአፕ ነበራቸው፤ ሊመልሱ ሲሞክሩ ግን ባክአፑ በትክክል ሳይሠራ መክረሙ ታወቀ። ፊልሙን ያተረፈው ጋሊን ሱስማን የተባለች ባልደረባቸው ወልዳ ቤት ሆና ስትሠራ በቤቷ ኮምፒዩተር ያስቀመጠችው ቅጂ ነው። ያን የሚያህል ኩባንያ ላይ የደረሰ እኛ ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም። ዛሬውኑ አንድ ደረሰኝ ይምረጡና ከሌላ ኮምፒዩተር ሆነው ከባክአፕዎ ለማውጣት ይሞክሩ። ደረሰኙ ተከፍቶ ቁጥሩ ካልተነበበ ባክአፕ የለዎትም።

አካውንቱ የማን እንደሆነም ያረጋግጡ። የወንድም ልጅ ከፍቶት፣ ፓስዎርዱ እሱ ዘንድ ሆኖ፣ እሱም ሲያትል ሄዶ ስልክ ቁጥሩን የቀየረበት አካውንት ስንት አይቻለሁ። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት የመሰረዝ ደንብ በ2023 አውጥቷል። በራስዎ ስም፣ በራስዎ ስልክ ይሁን፤ ባለቤትዎም የሚገባበትን ይወቁ።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስና፣ ከዘይት ቀያሪው ጋራዥ የመኪናውን ማይል የሚያሳይ መዝገብ፣ ካርድ ከሚያስከፍለው ኩባንያ የጉዞዎቹን ዝርዝር ለቅመን ከ30,000ው ማይል 21,000ውን ማስረዳት ቻልን። የቀረው 9,000 ማይል፣ ማለትም 5,895 ዶላር ተቀናሽ ተሰረዘባቸውና ልዩነቱን ከነወለዱ ከፈሉ። አሁን በየሩብ ዓመቱ ትንሽ ዲስክ በፖስታ ውስጥ አድርገው ይዘውልኝ ይመጣሉ። በፖስታው ላይ ዓመተ ምሕረቱን በትልቁ የሚጽፈው ያ ልጅ ነው።

ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ማብራሪያ ስለሆነ፣ የምርመራ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቀኑ ሳያልፍበት የራሱን ሂሳብ ሠራተኛ ያማክር። በሚቀጥለው ዕትም ደንበኛ በካርድ የከፈለውን ገንዘብ የሚያሳየው 1099-ኬ የተባለው ፎርም ከራሳችሁ መዝገብ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ምን እንደሚደረግ እንመለከታለን።